ደብተሩን ዝጉት፦ የማስታወስ ሳይንስ ለዘጠነኛ ክፍል ጀማሪዎች

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማዋን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መዝገብ ሲያገላብጡ አንድ ጥያቄ ይዘው ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሰውንና መንገድ ላይ የሚቀረውን ተማሪ አስቀድሞ የሚለይ ምልክት ይኖር ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት መልስ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አረፈ። የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ሳያንጠባጥቡ ካለፉት ውስጥ 81 በመቶዎቹ በአራት ዓመት ተመርቀዋል፤ ካንጠባጠቡት ግን 22 በመቶዎቹ ብቻ። ከስምንተኛ ክፍል ይዘውት የመጡት የፈተና ውጤት ይህን ያህል አልተናገረም። ቆየት ብለው ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ማን እንደሚወድቅ ሲመረምሩ፣ ከቀድሞ ውጤት ይልቅ ጎልቶ የወጣው ከክፍል መቅረት ሆኖ ተገኘ። ሚኒስትሪ ላይ ዝቅተኛ ውጤት አምጥቶ አንገቱን ደፍቶ ዘጠነኛ ለገባ ልጅ ይህ ትንሽ ዜና አይደለም።

እኛ ዘንድ ዘጠነኛ ክፍል ሌላም ባሕርይ አለው። የ10ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ፣ ሚኒስትሪ ያለፈ ልጅ የሚቀጥለውን አገር አቀፍ ፈተና የሚያገኘው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። እስከዚያ የሚፈትኑት የራሱ መምህራን ናቸው፤ ፈተናውም የሚመጣው ትምህርቱ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ምዕራፍ ሲያልቅ ቴስት፣ ከዚያ ሚድ፣ ከዚያ ፋይናል። ከዚያ ደግሞ ማትሪክ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም፣ የኩረጃው በር መጥበቡም አለበት። ሁሉንም አጠናን ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ውስጥ በተማሪው እጅ ያለው አጠናኑ ነውና እዚያ ላይ ልቆይ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመርሳት ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ቃል መሰል ድምፆች እየደረደረ በቃሉ ይይዝ ነበር፤ ፈታኙም ተፈታኙም ራሱ ነው። ከጊዜ በኋላ ዝርዝሩን እንደገና ለመያዝ ሲሞክር ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህሉ እንደተረፈለት ለካ። ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶው፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶው፣ ከወር በኋላ 21 በመቶው ነበር። ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አምስተርዳም ውስጥ ሙከራው ሲደገምም ተመሳሳይ መስመር ወጣ። ትርጉም ያለው ትምህርት ከእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር በዝግታ ይረሳል፤ የመስመሩ ቅርጽ ግን ያው ነው። የሚበዛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መጥፋቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሰኞ የተማሩትን አርብ ሲያዩት እንግዳ የሚሆንባቸው ልጆች አእምሯቸው ደካማ አይደለም። የሁላችንም እንዲህ ነው የሚሠራው።

ታዲያ ተማሪው ምን ያደርጋል? ደብተሩን ደጋግሞ ያነባል። ሃይላይተር ካለው ቢጫ ይቀባዋል። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ይሸመድዳል። ይህ ዘዴ ይሠራል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለሦስት ከፍለው አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎች አስነበቡ። አንደኛው ቡድን በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ያለማቋረጥ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በመጀመሪያው ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስቱ ወረቀቱን አስቀምጦ ያስታወሰውን ጻፈ። በመሐል ያሉት ሦስት አንብበው አንድ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ 83 በመቶ አስታወሱ፤ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ። ውጤቱ በዚህ ቢቆም ኖሮ ሽምደዳን የሚነካው አይኖርም ነበር። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ግን ተገለበጡ። አንባቢዎቹ 40 በመቶ ላይ ወረዱ፣ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ ላይ ቀሩ። ያውም አንባቢዎቹ ጽሑፉን በአማካይ 14 ጊዜ ገደማ አንብበውታል፤ ጸሐፊዎቹ ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል ብቻ።

ከቁጥሮቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሁሉም ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ተጠይቀው ነበር። ይበልጥ እናስታውሳለን ያሉት አንባቢዎቹ ናቸው። ደጋግሞ የተነበበ ገጽ ዓይን ይለምደዋል፤ ሲለምደው ደግሞ የገባን ይመስለናል። ገጹን ማወቅና በገጹ ላይ ያለውን ማወቅ ተምታቱብን ማለት ነው። መምህሩ ትምህርቱ ባለቀ ሰሞን ቴስት ሲሰጥ የአምስት ደቂቃውን ውጤት ይለካል፤ ሸምዳጁም ይደፍናል፣ በዘዴውም ይኮራል። የሳምንቱ፣ የዓመቱ፣ የሦስት ዓመቱ ውጤት የሚታየው ዘግይቶ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ 12ኛ ላይ ፊዚክስን እንደ አዲስ ሲጀምር የምናየው ለዚህ ይመስለኛል።

በቴሌግራም የሚዞረው የተሠራ ወርክሺትም የዚሁ ወንድም ነው። መፍትሔውን በዓይን ሲከተሉት እያንዳንዱ መስመር ግልጽ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ሲጀምሩት ግን የመጀመሪያው መስመር አይመጣም።

መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም። ከክፍል መልስ ደብተሩን ሳትገልጡ በአንድ ወረቀት ላይ የዛሬውን ትምህርት ጻፉ። በራሳችሁ ቃል፣ ስዕሉንም በእጃችሁ። የጎደለው ይጎድላል፤ ያበሳጫል። ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ የተሳሳተውን አርሙ፣ የቀረውን ሙሉ። ይህ እርማት መዘለል የለበትም፤ ያለእሱ የተሳሳተው ራሱ ሊጠና ይችላል። ትምህርት ቤቱ ሩቅ የሆነባቸው ልጆች ወረቀትም አያስፈልጋቸው፤ መንገድ ላይ ለጓደኛ መንገር ይበቃል። የቡድን ጥናት ካለም አንዱ ጎበዝ እያስረዳ አምስቱ ራስ ከሚነቀንቁ በየተራ ይናገሩ። አንድ ለአምስት የሚባለው የጥናት አደረጃጀት በነበረበት ዘመን በደንብ የተማረው አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሲያስታውስና ሲያስረዳ የዋለው እሱ ነውና።

የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ተማሪው የቃል ትምህርቱን መጽሐፍ ሳይዝ በየኔታ ፊት ይወጣዋል፤ ከተደናቀፈ ተመልሶ ያጠናል። እንዲህ ሲባል ግን በቃል መያዝና መረዳት ይለያያሉ የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክም ነው። ካርፒኪ ከጃኔል ብለንት ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 የመረመረው ይህንኑ ነበር። የሳይንስ ጽሑፍ አንብበው ሐሳቦቹን በካርታ መልክ ከሳሉት ይልቅ ወረቀቱን ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት በልጠው ተገኙ። የበለጡትም በጽሑፉ ላይ በቀጥታ ባልተጻፈ፣ ማመዛዘን በሚጠይቅ ጥያቄ ጭምር ነው። ቁም ነገሩ የሚወጣው ቃል በቃል መሆኑ ላይ ሳይሆን ሐሳቡን ከራስ ውስጥ ፈልጎ ማውጣቱ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መቼ መድገም እንዳለብን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ ከ1,300 በላይ ሰዎችን ፈትነው ያገኙት ልኬት ለተማሪ ጥሩ መነሻ ነው። ፈተናው ከሳምንት በኋላ ከሆነ ክለሳው ከዚያ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያህል ራቅ ብሎ ቢመጣ ይመረጣል፤ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ገደማ ዘግይቶ እንደ ማለት ነው። ትምህርቱ ከዓመት በኋላ የሚፈለግ ከሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ፤ ይህም ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይሆናል። ሰኞ የተማራችሁትን ሐሙስ፣ ከዚያ ከወር በኋላ፣ ከዚያ በሴሚስተሩ ዕረፍት ባዶ ወረቀት ላይ ብትጠይቁት መንገዱን ይዛችኋል። ትንሽ ተረስቶ ሲገኝ አትደንግጡ፤ ትንሽ ተረስቶ መገኘቱ ነው የሚፈለገው።

ሒሳብ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መጽሐፉ በአንድ ርዕስ ሥር አሥር ተመሳሳይ ጥያቄ ይደረድራል። ሁለቱን ከሠሩ በኋላ ማሰብ አያስፈልግም፣ እጅ ራሱ ይሄዳል። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሙከራ የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት የሚያሰሉ ተማሪዎች ነበሩ። በየዓይነቱ እየጨረሱ የሠሩት በልምምዱ ጊዜ 89 በመቶ አገኙ፣ ጥያቄውን አደበላልቀው የሠሩት 60 በመቶ። ከሳምንት በኋላ በተደረገው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ 20፣ ያደበላለቁት 63 በመቶ አመጡ። ፈተና ላይ ጥያቄው ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ የሚነግር የለምና ቀመር መምረጡም ልምምድ ይፈልጋል። የቤት ሥራችሁን ስትጨርሱ ካለፈው ወር ሦስት ጥያቄ ጣል አድርጉበት።

እንግሊዝኛውስ? በአንዳንድ ቦታ ከሰባተኛ፣ በብዙ ቦታ ከዘጠነኛ ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ልጅ ትምህርቱ ከበደኝ የሚለው እዚህ ላይ ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ በእጁ ይዞ ሊያሰላስለው የሚችለው ነገር ውስን ነው፤ ኔልሰን ኮዋን የተባለው ተመራማሪ አራት ገደማ ይለዋል። ከነዚህ ሁለቱን የማይታወቁ ቃላት ከያዟቸው ለሐሳቡ የቀረው ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን ሁለቱን ሸክም ለያዩት። ፎቶሲንተሲስ ስምንተኛ ክፍል የምታውቁት ብርሃን አስተጻምሮ ነው፤ ዴንሲቲም እፍግታ ነው። መጀመሪያ ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለሰው አስረዱ፣ ቀጥሎ በሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ሰዋስዉ ቢጣመም ግድ የለም። የየምዕራፉን አዲስ ቃላት ደግሞ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ማየት፣ መምህሩ ሲናገር ጆሯችሁ ሐሳቡን እንዲከተል ያደርጋል። እንግሊዝኛ የከበደው ልጅ ሳይንስ አይገባኝም ብሎ መደምደሙ ነው የሚያሳዝነኝ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በመጨረሻ እንቅልፍ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 የመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በጉርምስና ጊዜ የማታ እንቅልፍን የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ዘግይቶ መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ ልጁ ማታ ዓይኑ ቢፈጥ፣ ጠዋት ቢጎተት ስንፍና ብቻ አይደለም። ሲያትል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:50 ወደ 2:45 ሲገፋ ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ደቂቃ ተጨማሪ ተኝተዋል። የእኛዎቹ የጠዋት ፈረቃ ልጆች ይህ ዕድል የላቸውም፤ ውኃ መቅዳቱ፣ ታናናሾችን ማየቱ፣ ሱቅ መቀመጡም አለ።

ቢሆንም ጥናቱ ራሱ የሚያልቀው በእንቅልፍ ነው። ቀን የተማርነውን አእምሮ መልሶ እየቃኘ የሚያጸናው ስንተኛ ነው። በዚህ ላይ ስልኩ ትራስ ሥር ካደረ፣ እንቅልፉን የሚሻማው ባዮሎጂ ሳይሆን ቲክቶክ ነው፤ ከሌላ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። የፋይናል ዋዜማ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ሁለት ምዕራፍ ቢቀራችሁ፣ የመጀመሪያውን ርዕስ ርዕሱን ብቻ በወረቀት ላይ አስታውሳችሁ ጻፉና ተኙ። ሁለተኛውን ጠዋት መንገድ ላይ ከጓደኛችሁ ጋር ተጠያየቁት።