የኤሌክትሪክ ሰንሰለት መጋዝ አጠቃቀም፣ እንክብካቤና ጥንቃቄ

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ሰንሰለት መጋዝ፣ በተለምዶ ቼንሶ የሚባለው፣ በመጥረቢያ ረጅም ሰዓት የሚፈጅን ግንድ በጥቂት ደቂቃ ይቆርጣል። ሰንሰለቱ በሰከንድ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚሮጥ ግን እጅዎን እስኪሰበስቡ አይጠብቅም። ከሩቅ የዋግ ኽምራ ቀበሌ ተነስቶ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እስኪደረስ ብዙ ደም ይፈሳል። ሞፈር የሚጨብጥ እጅ ደግሞ አንዴ ከጠፋ አይተካም። ስለዚህ መጋዙን ከማስነሳትዎ በፊት የሚከተለውን በጥሞና ያንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል የቤተሰብ አባልም ያንብቡለት።

1. ለየትኛው ሥራ ይውላል?

ገመድ ያለው የኤሌክትሪክ መጋዝ የሚመቸው መብራት ባለበት አካባቢ የወደቀን ባሕር ዛፍ ለቋሚ፣ ለማገርና ለማገዶ በልክ ለመቆራረጥ ነው። ቆሞ ያለ ትልቅ ዛፍ ለመጣል አይጠቀሙበት። ዛፉ ሲወድቅ መሸሽ ሲገባዎ ገመዱ ሊጠልፍዎ ይችላል፤ በተዳፋት መሬት ላይ አደጋው ይብሳል። መሰላል ወይም ዛፍ ላይ ወጥተውም ፈጽሞ አይቁረጡበት። ሕፃናት፣ የታመመ ወይም የደከመ ሰው፣ ጠላም ሆነ አረቄ የቀመሰ ሰው መጋዙን መያዝ የለበትም።

2. ከሥራ በፊት

• በደጋው ብርድ ጋቢ ወይም ኩታ ደርቦ መሥራት የተለመደ ነው። ሰንሰለቱ ግን የተንጠለጠለ ልብስን ይዞ ሰውን ወደ ራሱ ይስባል። ጋቢውን አውልቀው ሰውነትን የሚይዝ ሹራብ ይልበሱ።
• በበረባሶ ወይም በኮንጎ ጫማ አይሥሩ። ጠንካራ ቦት ጫማ፣ የዓይን መነፅር፣ የጆሮ መከላከያና ጓንት ያድርጉ። ወፍራም ሱሪ ከጭረት ያድናል እንጂ የሚሮጥ ሰንሰለትን አያቆምም።
• ልጆችንና ከብቶችን ቢያንስ 10 ሜትር ያርቁ።
• የእጅ መከላከያው ፍሬን መሥራቱን ያረጋግጡ።

3. መብራትና ገመድ

2000 ዋት መጋዝ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፒር ይስባል። ለሬዲዮና ለአምፖል የሚሆን ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ የመጋዙንም ሞተር ያቃጥላል። እስከ 30 ሜትር ለሚደርስ ርቀት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የመሬት ሽቦ የተገጠመለት ማራዘሚያ ይጠቀሙ። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት። የተላጠ ገመድ በፕላስተር ሸፍነው አይጠቀሙ፤ ይቀይሩት። ገመዱን ሁልጊዜ ከጀርባዎ በኩል ያሳልፉት።

በዝናብ ወይም በረጠበ ሣር ላይ አይሥሩ። መብራት በመሐል ከጠፋ ጣትዎን ከማብሪያው ያንሱና ሶኬቱን ይንቀሉ። መብራቱ ድንገት ሲመጣ መጋዙ በሌላ ሰው እጅ ሊነሳ ይችላል።

4. አቆራረጥ

መጋዙን በሁለት እጅ፣ አውራ ጣትዎን በእጀታው ዙሪያ አዙረው አጥብቀው ይያዙ። ከትከሻዎ በላይ አያንሱት። ትልቁ አደጋ የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊትዎ ይወረወራል። ስለዚህ በአፍንጫው አይቁረጡ፤ ከመጋዙ ኋላ ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ይቁሙ።

ግንዱ በሁለት ጫፉ ተደግፎ መሐሉ ክፍት ከሆነ፣ መጀመሪያ ከላይ አንድ ሦስተኛውን ቆርጠው ከታች ይጨርሱ። በአንድ ጫፍ ብቻ ከተደገፈ በተቃራኒው ከታች ጀምረው ከላይ ይጨርሱ። ይህን ካላደረጉ ግንዱ መጋዙን ይነክሰዋል ወይም ይሰነጠቃል። በተዳፋት ላይ የሚንከባለል ግንድ እንዳያገኝዎ ከላይ በኩል ይቁሙ።

የዋግ መሬት ድንጋያማ በመሆኑ ሰንሰለቱ መሬት ከነካ ወዲያው ይደንዛል። ግንዱን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲያስተካክሉ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ ውሃ እንዳይቋጥር ጥቂት አጋድለው ይቁረጡ፤ ጉቶው በደንብ ያቆጠቁጣል።

5. እንክብካቤ

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

• ውጥረት፦ ሰንሰለቱ ሲቀዘቅዝ ይፈትሹ። ከታች በኩል ላልቶ መንጠልጠል የለበትም፤ በጓንት ሲጎተት ግን በቀላሉ መዞር አለበት። አዲስ ሰንሰለት ስለሚላላ ደጋግመው ይዩት። ሲግል ካጠበቁት ከሥራ በኋላ ያላሉት፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ብረቱን ይጎዳል።
• ዘይት፦ ሞተሩ በመብራት ቢሠራም ሰንሰለቱ ዘይት ይፈልጋል። በየ20 ደቂቃው መጠኑን ይዩ። አፍንጫውን ወደ ደረቅ ካርቶን አስጠግተው ሳያስነኩ ሲያዞሩት የዘይት መስመር ካልታየ ቀዳዳው ተደፍኗል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይጨምሩ፤ ቆሻሻው ብረቱን ይበላል።
• ስለት፦ ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ከደቀቀ፣ ወይም መጋዙን መግፋት ካስፈለገዎ ደንዟል። በሰንሰለቱ ልክ በሆነ ክብ ሞረድ፣ በአነስተኛ መጋዞች ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይሳሉ። ሁሉንም ጥርስ እኩል ጊዜ ይሞርዱ፤ ካልሆነ መጋዙ ወደ አንድ ጎን ይስባል።
• ጽዳት፦ የሞተሩን የአየር መተንፈሻና የዘይት መንገዱን ከሰጋቱራ ያጽዱ። አፍንጫውን ሸፍነው፣ ልጅ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

6. አደጋ ቢደርስ

ብቻዎን አይሥሩ። ሰው ከቆሰለ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ደሙ እስኪቆም ጨርቁን እየከፈቱ አይመልከቱ፤ ጨርቁ ቢርስ በላዩ ሌላ ይደርቡ። የቆሰለውን እጅ ወይም እግር ከፍ አድርገው ይዘው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። መብራት የያዘውን ሰው ግን በእጅዎ አይንኩ፤ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ ወይም ከቆጣሪው ያጥፉ።

ማጠቃለያ

ሶኬት መንቀል፣ ጋቢ ማውለቅና ሰንሰለት መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳሉ። እነዚህ ደቂቃዎች የእጅዎ፣ የእግርዎና የቤተሰብዎ ዋስትና ናቸው። ያልተረዱት ነገር ካለ መጋዙን ከመያዝዎ በፊት የቀበሌዎን የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይጠይቁ።