ደንቆሮ ጫካ ጫፍ ላይ ምን ይሠራ?

በደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ በስተሰሜን፣ የቦረናና የሳይንት ወረዳዎች በሚዋሰኑበት ደጋ የደንቆሮ ጫካ አለ። ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 3,700 ሜትር ይወጣል። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከላይ ደግሞ ጓሳና ጅብራ ነው። ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላና ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። አረጋውያን የጫካውን ጥበቃ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ይጀምሩታል። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ስፋቱ ከ4,000 ሄክታር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በኋላ ወሰኑ ሰፍቶ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ።

ፓርክ ከሆነበት ጊዜ አንስቶ አንድ ጥያቄ መልስ እንደፈለገ ቆይቷል፤ እንግዳው የት ይደር? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ስለገባ ጥያቄውን ማንሳት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጊዜው አሁን ነው እላለሁ። አገሪቱ ወዴት እያዘነበለች እንደሆነ እያየን ነው። እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ ወንጪና ጎርጎራ ደግሞ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተሠሩ። የከተማ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጸጥታ፣ ንጹሕ አየርና ዕረፍት መፈለግ ጀምሯል። ሰላም ሲወርድ ባለሀብት ካርታውን ይዞ ደንቆሮ መድረሱ አይቀርም። ያኔ የግንባታው ደንብ ካልተጻፈ ደንቡን የሚጽፈው እሱ ነው።

ሰውነትንና መንፈስን ለማሳረፍ ወደ ጫካ መሄድ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ ጠበል ይገባል፣ ሱባኤ ይይዛል፤ ሙስሊሙ በመሻይኹ መንደር ሀድራ ይቀመጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቤት ትንሽ ነው፤ መኝታ፣ እሳት፣ ንጹሕ ውሃና የሚያጠጋ ጎረቤት። ዛፉን ያቆየውም ብዙ ጊዜ ለቅዱስ ቦታ የሚሰጠው ክብር ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የተራቆተ መሬት መካከል አረንጓዴ ሆነው የሚታዩት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢዎች ምስክር ናቸው። የጤና ማረፊያ የሚያቅድ አርክቴክት ከሩቅ አገር ሥዕል ከማምጣቱ በፊት እነዚህን ቦታዎች ቢጎበኝ ብዙ ይማራል።

መጀመሪያ የሚማረው ግድግዳን ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ቆርቆሮ በተቃራኒው ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ በረዶ ሲዘንብ ደግሞ እንግዳው የመጣበትን ጸጥታ ያሳጣዋል። ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል፣ የሚጠርበውም ሰው አለ። ለወራጅና ለማገር ከገበሬው ማሳ የሚገዛ ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ጽድና ወይራ ግን ወድቆ ቢገኝ እንኳ መነካት የለበትም። አንዴ «የወደቀውን ነው» ከተባለ የሚወድቀው ዛፍ መብዛቱን አገሩ ያውቃል። ለክዳን ከቆላ የሚመጣ ሰንበሌጥ ይሻላል። ጓሳው ግን አይታጨድ፤ የቀይ ቀበሮው ማደኛ ነው፤ የሚበላቸው አይጦች እዚያ ውስጥ ይኖራሉና።

ከግድግዳው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሳቱ ነው። ጭስ መሞቅ፣ ወሎ ቦለቅያ የሚለው፣ ዛሬ የከተማ ውበት ሳሎኖች የሚሸጡት አገልግሎት ሆኗል። ደንቆሮ ጫፍ ላይ ለሚሠራ ማረፊያ ከዚህ የተሻለ የአገር ሀብት ማሰብ ይከብዳል። ነገር ግን አንዲት እናት በወሊድ ማግሥት የምትሞቀው ጭስና በየቀኑ ለበርካታ እንግዳ የሚነድ ጭስ በማገዶ አይተካከሉም። የገላ መታጠቢያው ውሃ፣ የማድ ቤቱ ምድጃና የሳሎኑ እሳት ሲጨመሩበት ጫካው በአጥሩ በኩል ሲያልቅ ይታያል። ስለዚህ ውሃው በፀሐይ ይሙቅ፤ ደጋው ፀሐይ አያጣም። በባሌ ሐረና ጫካ ያለው ሎጅ ከአጠገቡ ካለ ወንዝ ለራሱ መብራት ያመነጫል፤ ውሃው በቂ በሆነበት ቦታ ይህም ይቻላል። ቦለቅያው ከታወቀ የግል ማሳ በተተከለ እንጨት፣ በቀን በተወሰነ መጠን ይሁን። ፍሳሹም ወደ ምንጩ እንዳይወርድ አስቀድሞ ይታሰብበት፤ ከዚህ ደጋ የሚነሳው ውሃ ወደ አባይ እስኪደርስ ብዙ መንደር ይጠጣዋል።

ከንድፍ ወረቀት ላይ የሚረሳ ነገር ልጨምር፤ የዘበኛ ውሻ። በባሌ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ቀይ ቀበሮን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የመጣው ከቤት ውሾች ነው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ የደቡብ ወሎው መንጋ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ማረፊያው ውሻ ሊኖረው አይገባም። ቦታውም ከጫካው ውስጥ ሳይሆን ቀድሞ ከታረሰ ወይም ከተራቆተ ዳር መመረጥ አለበት።

ባለቤቱስ ማን ይሁን? ፓርኩ ሲከለል ግጦሽና ማገዶ የቀረበት በዙሪያው ያለው ገበሬ ነው። ሰሜን ወሎ መቄት ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንደርተኛው የራሱን የድንጋይ ጎጆዎች ሠርቶ፣ ራሱ እያበሰለና እየመራ እንግዳ አስተናግዷል። መንዝ ጓሳ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በቀጠሮ የሚያጭድ ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሲሆን ማረፊያውም የማኅበረሰቡ ነው። ሁለቱም ቤቶች ትንንሽ ናቸው። ማሞገሻቸውም ይህ ነው፤ መንደሩ ሊጠግናቸው ይችላል። በሌላ በኩል ላንጋኖ ዳር የነበረው ቢሻንጋሪ፣ ኢኮ ሎጅ ተብሎ በአገሪቱ ስሙ የገነነው፣ በ2009 ዓ.ም. ሁከት ተቃጥሏል። በእሳቱ የጠፋው የባለሀብቱ ንብረት ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛው እንጀራም ነው። ከዚያ በኋላ ጫካ ዳር ስለሚሠራ ቤት ሲታሰብ የጎረቤት ድርሻ የደግነት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይችልም፤ ከመሠረቱ ጋር የሚጣል ነው። በደንቆሮ ድርሻው በውል ይጻፍ፤ ገንዘቡ ለማን፣ በየስንት ጊዜ፣ በማን ተቆጣጣሪነት እንደሚከፈል ጭምር።

ደንንና የዱር እንስሳትን የሚጠብቀው የክልሉ መሥሪያ ቤት፣ የቦረናና የሳይንት ወረዳዎች ጽሕፈት ቤቶች እንዲሁም በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ደንብ ለመጻፍ የጦርነቱን ማብቂያ መጠበቅ የለባቸውም። ከሽማግሌዎችና ከድንጋይ ጠራቢዎች ጋር ተቀምጠው ማረፊያ የሚሠራበትን ዳር፣ የአልጋውን ቁጥር ጣሪያ፣ የማገዶውን መጠንና የመንደሩን ድርሻ አሁኑኑ ይወስኑ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ መከራከር ይከብዳል።