የራስ ጉግሣ ወሌ ዐመፅና ያልተከበረው ዕለት

ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ መኰንን ሥልጣን ላይ ያነሡት ዐመፅ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራሳቸው በአንቺም ሜዳ ሲወድቁ አበቃ። ይህ አነጋገር ለደብረ ታቦር ሰው በቂ ቢሆንም በውጭ አገር ላደገ አንባቢ ግን ማብራሪያ ይሻል፦ ራስ ከንጉሥ በታች ያለ ከፍተኛ ማዕርግ ነበር፤ በጌምድር ደግሞ የዛሬውን ደቡብ ጎንደር የሚያካትት፣ ራስ ጉግሣ ከደብረ ታቦር ሆነው ይገዙት የነበረ ሰፊ አገር ነበር፤ እኚህም ራስ ጉግሣ ከእርሳቸው መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩት ከየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ጋር ሊምታቱ አይገባም።

የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ የሆኑት ጉግሣ የዘውዲቱ ምኒልክ ባል ነበሩ። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ሲባሉ ባልና ሚስቱ እንዲለያዩ ተደረገ፤ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ በአልጋ ወራሹ በተፈሪ እጅ እየገባ፣ እርሳቸውም በመስከረም 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሲባሉ የበጌምድሩ ገዥ ቅሬታ ወደ ጦር አመራ። በጦር ሚኒስትሩ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የተመራው የመንግሥት ጦር አውሮፕላን ነበረው፤ ከአውሮፕላኑም አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተበተነ፣ በኋላም ቦምብ ተጣለ። ወረቀቱ ግዝትን፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን የሚለይ ውግዘትን፣ የያዘ በመሆኑ በጌታውና በሃይማኖቱ መካከል ለቆመው ባላገር ወታደር ከቦምቡ ያላነሰ ፈተና ነበር። ንግሥት ዘውዲቱም ጉግሣ ከወደቁ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

በእንግሊዝ በ1605 እ.ኤ.አ. ንጉሡን በባሩድ ሊገድሉ ያሤሩት የጋይ ፎክስና የጓደኞቹ ውድቀት በየዓመቱ ኖቬምበር 5 በእሳትና በርችት ይታሰባል። በኢትዮጵያ ግን ለአንቺም እንዲህ ያለ ቀን አልተሠየመም፤ በአገር ደረጃ የተከበረው ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት ዕለት ሲሆን፣ እርሱም ንጉሠ ነገሥቱ እስኪወርዱ ድረስ በየዓመቱ ይከበር ነበር። ነሐሴ 12 ማታ በቡሄ ዋዜማ የሚበራው ችቦ የጌታ ብርሃነ መለኮት የተገለጠበት የደብረ ታቦር በዓል ችቦ ነው እንጂ ከዚህ ጦርነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ልጆቻቸውን በለንደን አደባባይ ርችት የሚያሳዩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ስለ አንቺም አንድ ቃል ሳይነግሯቸው ወደ ቤት መመለሳቸው እጅግ ያሳዝናል።

የአሸናፊው ትረካ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው የንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ ታትሞ ይገኛል። የተሸናፊው ወገን ትዝታ ግን በአብዛኛው በአረጋውያን አፍ ያለ በመሆኑ፣ በቤቱ አማርኛ ሳይነገር ያደገ ልጅ አያቱን የሚጠይቅበት ቋንቋ አይኖረውም።