ለሳንባ የሚሰጥ ጨው

7 በመቶ ጨው ያለው ውሃ በጭጋግ መልክ ወደ ታመመ ሳንባ ይገባል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። የባሕር ውሃ እንኳ የጨው መጠኑ 3.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህ እጥፉ መሆኑ ነው። ሆኖም በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ለሚሠቃዩ ሰዎች አክታን ለማውጣት ከተገኙት ሕክምናዎች መካከል እንዲህ ርካሽና ቀላል የሆነ ጥቂት ነው። የሚገባውን ክብር ግን አላገኘም።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተገኘው ሲኤፍቲአር የተባለ ጂን ሲበላሽ፣ ክሎራይድና ውሃ በበቂ መጠን ወደ አየር ቧንቧው ገጽ አይወጡም። አክታው ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

የጨዋማው ውሃ ታሪክ የሚጀምረው ከአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ነው። በሲድኒ የሚገኙ ሐኪሞች በባሕር ሞገድ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱት ሕሙማን አክታቸው ሲቀልላቸው፣ ደረታቸውም ሲሻለው አስተዋሉ። ነገሩን እንደ አጋጣሚ አላለፉትም፤ ወደ ምርምር ወሰዱት።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ የተሳሳተ ግምት የሚመጣው። “ጨው ያደርቃል፤ የደረቀ አክታ ደግሞ እንዴት ይወጣል?” የሚሉ አሉ። ቋንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ግን መልሱን በእጁ ይዞታል፦ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ውስጡ ይድረቅ እንጂ ላዩ ላይ ውሃ ያቸፈችፋል። ጨው ውሃን አያጠፋም፤ ወደ ራሱ ይስባል። በአየር ቧንቧው ገጽ ላይ ሲያርፍም ከሥሩ ካሉት ሴሎች ውሃ ይስባል፤ አክታው ይላላል፣ ቧንቧውን የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች መንቀሳቀሻ ያገኛሉ፣ ሳሉም ፍሬያማ ይሆናል። ውሃው ወዲያው ተመልሶ ይጠፋል የሚል ስጋትም ነበር። በሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል የተሠራውና በ2006 የታተመው ጥናት ግን አክታን የማጽዳቱ ጥቅም ከ8 ሰዓት በላይ እንደሚዘልቅ አሳየ። ከጨዋማው ውሃ በፊት አሚሎራይድ የተባለ መድኃኒት ቢሰጥ ውጤቱ ይበልጥ ይሻሻላል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ አሚሎራይዱ የጨዉን ጥቅም ቀነሰው።

በዚያው ዓመት የአውስትራሊያውያኑ ሰፊ ጥናት ወጣ። 164 ሕሙማን ለ48 ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 4 ሚሊ ሊትር ተነፈሱ፤ ግማሾቹ 7 በመቶውን፣ ግማሾቹ 0.9 በመቶውን። ጣዕሙ ማን ምን እንደወሰደ እንዳያሳብቅ በሁለቱም ውስጥ ኩዊኒን የተባለ መራራ መድኃኒት ተጨመረ። የሳንባ አቅም የተሻሻለው በጥቂቱ ነው። የበሽታው ማገርሸት ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ለታማሚ ቤተሰብ ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ሌሎች ሕክምናዎችም አሉ። በ1993 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶርኔዝ አልፋ ከሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ፈስሶ አክታውን የሚያወፍረውን ዲኤንኤ ይቆራርጣል። ደረትን መምታት፣ የሚያንቀጠቅጥ ሰደርያ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ፤ ሁሉም አክታውን ከቧንቧው ለማላቀቅ ናቸው።

ጨዋማው ውሃ አልተስማማኝም ሲባል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአጠቃቀም ይመጣል። ጨዋማው ውሃ የአየር ቧንቧን ሊያጠብብ ስለሚችል እንደ ሳልቡታሞል ያለ ማስፊያ ይቀድመዋል፤ ይህን ዘሎ “ደረቴን አፈነኝ” ብሎ ሕክምናውን መተው በመድኃኒቱ ላይ መፍረድ ነው። ዶርኔዝን ከጨው ውሃ ጋር በአንድ ኩባያ መቀላቀል አይገባም። ፈሳሹን ወደ ጭጋግ የሚለውጠውን መሣሪያ (ኔቡላይዘር) ሳያጥቡና ሳያደርቁ ማስቀመጥ ጀርም ወደ ሳንባ መጋበዝ ነው። ከጓዳ ጨው በጥብጦ መተንፈስማ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ፈሳሹ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት።

ከ2019 ወዲህ የመጣው ባለ ሦስት ቅመም ክኒን የተበላሸው ጂን የሚያስገኘውን ፕሮቲን ሥራ ራሱን ስለሚያቃና የብዙዎችን ሕይወት ለውጧል። ክኒኑን እየወሰዱ ጨዋማውን ውሃ ወይም ዶርኔዝን ያቋረጡ ሰዎች ብዙም እንዳልተጎዱ አንድ ጥናት ካሳየ በኋላ “ጨው ዘመኑ አለፈ” የሚሉ ተሰምተዋል። ጥናቱ የተከታተላቸው ግን ለ6 ሳምንታት ብቻ ነበር፤ የተመረጡትም ሳንባቸው በአመዛኙ ደህና የሆኑት ናቸው። በዚያ ላይ ክኒኑ እጅግ ውድ ነው፤ ለሁሉም የጂን ብልሽት ዓይነትም አይሠራም። ከማይጠቅማቸው መካከል ደግሞ ጥቁሮች ከቁጥራቸው በላይ ይበዛሉ።

በሽታው በአውሮፓ ዘሮች ቢበዛም የእነርሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ለዚህ በሽታ ምርመራ ይደረግለታል፤ የሐበሻ ልጅም እንዲሁ። ውጤቱ አጠራጣሪ ነው የተባለ ወላጅ “ይህ የኛ በሽታ አይደለም” ብሎ ቀጠሮውን እንዳይተው። በሽታውን የሚያረጋግጠው የላብ ምርመራ ይደረግ፤ በሽታው ከተረጋገጠም ሐኪሙ ስለ ጨዋማው ውሃ ይጠየቅ።