ጋኑን የሚያዳምጡ ሴቶች

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሲባሉ፣ መንቆረር፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ ትልቅ ግብር የሚበላባት ከተማ ነበረች። በግብር ላይ ሁሉም በማዕረጉ ይቀመጣል፤ ወታደሩም ተራውን ይጠብቃል። ጠጁም ደረጃ አለው፦ ለበላዩ የጠራው፣ ለበታቹ የቀጠነው ይቀዳል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ስለ ንጉሡና ስለ መኳንንቱ ብዙ ጽፈዋል፤ ያንን ጠጅ የጣሉትን ሴቶች ግን ብዙም አያነሱም።

እኔ የማነሳው እነሱን ነው። አያቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠጅ ቤት ነበራቸው። ሙያውን ከእናታቸው ተማሩ፣ ለእናቴ አስተማሩ፤ ዛሬ እህቴ ይዛዋለች።

ሰውን የሚለይ ገበታ ለሁሉም የተከፈተው በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም፤ በሃዋይ ደሴቶች ሉአው የሚባል ድግስ አለ። አሳማው ድንጋይ በጋለበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይበስላል። ድሮ ወንድና ሴት አብረው መብላት ክልክል ነበር። በ1819 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ዳግማዊ ካሜሃሜሃ ከሴቶች ጋር ገበታ ቀርበው ያንን ሕግ አፈረሱት። ዛሬ ድግሱን ለእንግዳ ክፍት አድርገው የሚተዳደሩበት ቤተሰቦች አሉ። በእኛ በኩል የመኳንንቱን መጠጥ ለሁሉም ያደረሰው ጠጅ ቤቱ ይመስለኛል። አያቴ ቤት ገበሬው፣ መምህሩና ነጋዴው በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ዓይነት ብርሌ ከአንድ ጋን ይጠጡ ነበር። አዝማሪ መሲንቆውን ይዞ ሲገባም የሚያወድሰው በማዕረግ ሳይሆን በሸለመው ልክ ነበር።

ሙያው ከጋኑ ይጀምራል። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ይበጠበጥና ተከድኖ ይቀመጣል፤ ከቀናት በኋላ ጌሾ ይገባበታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ መፍላቱን ያዘገየዋል፤ በሐምሌ ጋኑ ጋቢ ይለብሳል። አያቴ ቀን አይቆጥሩም ነበር። ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን ከጋኑ ሆድ ላይ ይለጥፋሉ። ውስጡ ሲንፈቀፈቅ «ገና ነው፣ ተዪው» ይሏታል እናቴን። ድምፁ ሲረግብ ጌሾውን አውጥተው ያጠሉታል።

የሚያሳስበኝ ስኳሩ ነው። ማር ሲወደድ በስኳር ጥለው ቀለም የሚጨምሩበት በዝተዋል። ይህን በጣም እቃወማለሁ፤ ጠጪውን ማታለል ብቻ አይደለም፣ ንብ አናቢውንም ገበያ ያሳጣዋል። አደይና መጭ ካበቡ በኋላ ማር በሚቆረጥበት በኅዳር እህቴ ገንዘቧን ሁሉ ሰብስባ የዓመቱን ማር ትገዛለች። ማሩ ካለቀ ቤቱን ትዘጋለች። ደንበኞች «እትዬ፣ ትንሽ ስኳር ጣል አድርጊበትና ክፈቺልን» ብለው ለምነዋታል፤ እስካሁን እሺ አላለችም።