ሞተር ሳይክላችንን ራሳችን ብንጠግነው ያዋጣናል?

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚገነጠለው መንገድም የሚነሳው ከዚያው ነው። አስፋልቱ ላይ እስካላችሁ ድረስ ሞተር ሳይክል ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው ወደ ጣና ስትታጠፉ ነው። ወደ ናበጋ ወይም ወደ ዋገጠራ የሚወርድ የግብርና ባለሙያ በክረምት የዋልካ ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይጠብቀዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ነገ ጋራዥ ልውሰደው ወይስ እኔው ልሞክረው?

ኢንተርኔት ላይ ለዚህ ጥያቄ የምታገኙት መልስ በአብዛኛው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። እዚያ ውድ የሆነው የሰው ጉልበት ነው። መካኒኩ በሰዓት ስለሚያስከፍል ዘይቱን ራሱ የቀየረ ሰው ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። እኛ ጋ ሒሳቡ ይገለበጣል። የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ ኪስ የሚጎዳው ዕቃው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ፒስተኑም ካቴናውም ካንዴላውም የሚመጣው ከውጭ ነው።

ስለዚህ ፎገራ ላይ ራሳችሁ ስትሠሩ የምታተርፉት ለመካኒኩ የምትከፍሉትን አይደለም፤ የዕቃውን ዕድሜ ነው። ይህ ከገባን የትኛውን ሥራ ለራሳችን እንደምናስቀር መለየት አይከብድም። ወደ ጋራዥ እስኪኬድ መቆየት የማይችለውን እንይዛለን፣ ሌላውን ለባለሙያው እንተዋለን። (ዋጋ በብር አልጻፍኩም፤ ይህን እስክታነቡ ድረስ መለወጡ አይቀርም።)

እስቲ ከካቴናው እንጀምር። ሰው ሁሉ «ካቴናው ተለጠጠ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ብረቱ አልተለጠጠም። ካቴና ማለት በትንንሽ ዘንጎች የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዱ ዘንግ በራሱ ቀዳዳ ውስጥ ይዞራል። አሸዋ ሲገባበት ዘንጉም ቀዳዳውም ይበላል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የተበላው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው እንበል። ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ግን መጋጠሚያዎቹ 110 ቢሆኑ፣ 110 በ0.1 ሲባዛ 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካቴናው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ረዘመ ማለት ነው። የረዘመ ካቴና ደግሞ ከጥርሶቹ ጋር በትክክል ስለማይገጥም ጥርሶቹን እየሳለ ይበላቸዋል፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ባለ ጥርስ ብረቶች ከካቴናው ጋር አብሮ መግዛት ግድ ይሆናል።

የፎገራ አፈር ለዚህ ጥፋት የተመቸ ነው። ዋልካ ውስጥ በብዛት ያለው የሸክላ ቅንጣት ከ2 ማይክሮ ሜትር ያነሰ ነው። ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት ማሳ አይታችሁ የለ? ሸክላው ራሱ ለስላሳ ነው፤ ብረት አይፍቅም። ችግሩ ርብና ጉማራ ከደጋው ያወረዱትን ደቃቅ አሸዋ እንደ ሙጫ አጣብቆ ካቴናው ላይ መያዙ ነው። አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ ንጹሕ ብረት 4 ገደማ፣ አሉሚኒየም ደግሞ ከ3 በታች። ጠንካራው ለስላሳውን ይፍቃል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጭቃው ካቴናው ላይ ሳይደርቅ፣ በዚያው ማታ መጽዳት አለበት። ይህን ሥራ ለጋራዥ ብትተዉት በሳምንት አንዴ ይሠራ ይሆናል፤ ካቴናው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲፈጭ ይከርማል። ሞተሩን አጥፉ (ጣታቸው በሚዞር ካቴና የተቆረጠባቸው ሰዎች አሉ፣ ቀልድ አይደለም)፣ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ በውኃና በብሩሽ እጠቡት፣ የጠነከረውን በላምባ አስለቅቁት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ንጹሕ ዘይት በስሱ ቀቡት። በስሱ ነው ያልኩት፤ የተትረፈረፈ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ደግሞ የብረት ብናኝና ጥላሸት መልሶ መቀባት ነው። ካቴናው ማለቁን ለማወቅ ከኋላ ጎማው ጥርሶች ላይ በጣታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። የጥርሱ ግማሽ እስኪታይ ከለቀቀ ዕድሜው አልቋል።

አሁን ከካቴናው ወደ ሞተሩ ራሱ እንለፍ፤ አቧራው እዚያ የሚገባው በአየር በኩል ነውና። 100 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንዴ፣ ማለትም 2,500 ጊዜ ነው። በያንዳንዱ ጊዜ ቢበዛ 0.1 ሊትር ይስባል። አባዙት፦ በደቂቃ 250 ሊትር። በየደቂቃው ከአንድ ትልቅ በርሜል በላይ አየር መሆኑ ነው። በመካከል ቆሞ ይህን ሁሉ አየር የሚያጣራው አንዲት ዲፕራተር ናት።

ወረታ ላይ ደግሞ አቧራው የመንገድ ብቻ አይደለም። በከተማዋ የሩዝ መፈልፈያ ብዙ ነው፤ አጠገባቸው የቅርፊት ክምር አለ። የሩዝ ተክል ከአፈር ሲሊካ እየሳበ ቅርፊቱ ውስጥ ያከማቻል፤ ቅርፊቱ ሲቃጠል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል፣ አመዱም በአብዛኛው ሲሊካ ነው። ኳርትዝም ሲሊካ ነው። የቅርፊቱ ዓይነት እንደ ኳርትዝ ባይጠነክርም አሉሚኒየም ለመፋቅ አያንስም። በመፈልፈያና በሚጨስ የቅርፊት ክምር አጠገብ ሁልጊዜ የሚያልፍ ሰው ዲፕራተሩን ቶሎ ቶሎ ቢያይ ያዋጣዋል።

ዲፕራተሩ ሲደፈን ሌላም ነገር ይከተላል። 1 ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ገና ከመነሻው ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ደብረ ታቦር ስትወጡ (2,700 ሜትር ገደማ) ይብስበታል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደለመደው ይሰጣል። በዚህ ላይ ዲፕራተሩ ከተደፈነ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ካንዴላውን ፈታችሁ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፦ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል፤ ጥቁርና ዘይት የነካው ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ ሳይበላ አልቀረምና ወደ መካኒክ። ከስፖንጅ የተሠራ ዲፕራተር በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ዘይት ነካ ተደርጎ ይመለሳል። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፣ ይራገፋል ወይም ይለወጣል።

ቤታችሁ ሞተር ሳይክል ከሌለ ይህን ሁሉ በሽንኩርት መስኖ የውኃ መሳቢያ ሞተር ላይ ማየት ትችላላችሁ። አብዛኛው ያው ባለ አራት ምት ነው፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ስለሚሠራ ይበልጥ ይጎዳል።

ዘይት መቀየርንስ? እዚህ ላይ ትንሽ አወዛግባለሁ። መለካቱ የግድ የእናንተ ሥራ ነው፤ መቀየሩ እንደ ፍላጎታችሁ። የትንሽ ሞተር ሳይክል ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ይቺው አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። በመኪና ይህ ሁሉ ለየብቻ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ የመኪና ዘይት ሞተር ሳይክል ውስጥ ሲገባ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተተው፤ የሚያንሸራትት ቅመም ስላለው። ጣሳው ላይ የሞተር ሳይክል መሆኑን አንብቡ። መመሪያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ደግሞ ለደህና መንገድ ነው፤ በጭቃና በአቧራ ማሳጠር ያስፈልጋል።

መፍታት ቀላል ነው፣ መዝጋት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የራሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዘይት በቀየርኩ ጊዜ ማፍሰሻውን ብሎን «እንዳይፈታ» ብዬ በረጅም ቁልፍ ከልቤ አጠበቅኩት። የቁልፉ እጀታ በረዘመ ቁጥር ብሎኑ ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል በዚያው ልክ ያድጋል፤ ፊዚክሱን አስተምረው ነበር እኮ! ብሎኑ ብረት ነው፣ የሞተሩ አካል ግን አሉሚኒየም። የቦታው ጥርስ ተበላና ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የከፈልኩት ለብዙ ጊዜ ዘይት መቀየሪያ ይበቃ ነበር።

በክረምት ውኃ ስታቋርጡ ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ፣ እባካችሁ ለማስነሳት አትርገጡት። አየር ይታመቃል፣ ውኃ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ገብቶ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ መውጫ ስለማያገኝ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ሊጎብጥ ይችላል። ገፍታችሁ አውጡት፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ እንዲወጣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከዚያ ዘይቱን እዩ። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ሳይቀየር አይነዳም።

ቫልቭ ማስተካከል፣ ሞተር መክፈት፣ ፋሻና ኩሽኔታ መቀየር የመካኒክ ነው። ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ መሳሳት ዓመት ሙሉ የቆጠባችሁትን ይወስዳል። ለእናንተ ሥራ የሚያስፈልገው የካንዴላ መፍቻ፣ ጥቂት ቁልፎች፣ ካቻቪቴና ፒንሳ ነው። ለአራት ጎረቤት አንድ ስብስብ ይበቃል።

የተፋሰሰው ዘይት ግን ቦይ ውስጥ አይደፋ። አንድ ሊትር ዘይት ውኃ ላይ ተንሳፎ አንድ ማይክሮ ሜትር እስኪሳሳ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ የሄክታር አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ፎገራ ላይ ቦዩ የሚወስደው ወደ ሩዙ ማሳ ነው፣ ከዚያ ወደ ጣና። በክዳን ያለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ ጋራዥ ስትሄዱ የእነሱ በርሜል ውስጥ ገልብጡት።