ከአፈር የሚነበብ መድኃኒት

ከጅቡቲ ከተማ መሐል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሰፈር ፔካ 12 ይባላል። ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙ የጭነት መኪናዎች በዚያ ይቆማሉ። አቧራው ከጎማቸው ሥር ሲቦን የሚያይ ሰው መሬቱ ሕይወት አልባ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ደረቅ ከሆነው አፈር እንኳ ቁንጣሪ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢመረመር፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ይገኙበታል።

እነዚህ ተሕዋስያን ለምግብና ለቦታ ይሻማሉ። በሽሚያውም አንዱ ሌላውን የሚገድልበት ንጥረ ነገር ያመነጫል። የሰው ልጅ ይህንኑ መሣሪያ ለራሱ መድኃኒት አድርጎታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው አልበርት ሻትዝ የሳንባ ነቀርሳን የሚፈውሰውን ስትሬፕቶማይሲን ያገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው።

ከጊዜ በኋላ ግን ሁለት ችግሮች ጎልተው ታዩ። አንደኛ፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መድኃኒቶቹን እየተላመዱ መጡ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ የአፈር ተሕዋስያን በቤተ ሙከራ ሊራቡ አልቻሉም። ያልተራባ ተሕዋሲ ደግሞ ምን እንደሚያመነጭ ለማወቅ ያስቸግራል።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ተሕዋሲውን ሳያራቡ የዘር መልእክቱን ማንበብ ነው። ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ሰውነቱ የሚሠራበት መመሪያ ዲ.ኤን.ኤ. በሚባል ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ከአፈሩ ለይተው ያወጣሉ፤ ቀጥሎም ቅደም ተከተሉን በመሣሪያ ያነባሉ። ከዚያም መድኃኒትነት ያለው ንጥረ ነገር ለመሥራት የሚያገለግለውን ክፍል በኮምፒዩተር ይፈልጋሉ። በመጨረሻም ያን ክፍል በቀላሉ በሚራባ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ንጥረ ነገሩን እንዲያመርት ያደርጉታል።

የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ማላሲዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 አስታወቁ። ዲ.ኤን.ኤ.ው የተወሰደው ከበረሃ አፈር ነበር። ማላሲዲን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የመረዘውን የአይጦች ቁስል አጽድቷል። እርግጥ፣ አይጥን ያዳነ ሁሉ ሰውን ያድናል ማለት አይደለም፤ ረጅም ምርመራ ያስፈልገዋል።

በረሃና ጨዋማ ሐይቅ ለሞላበት ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። በኢትዮጵያና በኖርዌይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሻላን፣ የአቢጃታንና የሌሎች የሶዳ ሐይቆችን ተሕዋስያን በዲ.ኤን.ኤ. ፈትሸው፣ ከተጠበቀው በላይ ብዙ ዓይነት ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2013 ገልጸዋል። ጥናቱ መድኃኒት ፍለጋ ባይሆንም የሀብቱን ስፋት አሳይቷል። ይህን ሀብት ወስዶ የሚጠቀም ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያካፍል ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 482 ደንግጋለች።

ስለሆነም አፈርን በተቃጠለ ዘይትና በኬሚካል መበከል፣ ገና ያልታወቀን መድኃኒት ሳያዩ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄዎች

1. የአፈር ተሕዋስያን ገዳይ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ለምንድን ነው?
2. ዲ.ኤን.ኤ.ን ከአፈር አውጥቶ ማንበብ ያስፈለገው ስለምን ነው?
3. «መላመድ» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ያለውን ፍች አስረዱ።